ለጠባብ ሳሎን የቱ ይሻላል፦ ሳውንድ ባር፣ ባለ 5.1 ሆም ቴአትር ወይስ ጥንድ ስፒከር? (ጅማ)

የጊንጆ ተከራይ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው ጅማ ጊንጆ አካባቢ፣ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሳሎኔ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል ሲሆን፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ ቺፑድ ነው። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን አለኝ። በምስሉ ቅሬታ የለኝም፤ ድምፁ ግን በተለይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የለም ማለት ይቻላል። ድምፅ ስጨምር ሙዚቃው ይጮኻል እንጂ ንግግሩ አይጠራም። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ዕድሜዋ ስለገፋ ዜና አንባቢው ያለውን እንድደግምላት ዘወትር ትጠይቀኛለች፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ክረምትን ብቻ ጠብቆ የሚመጣ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ከ20 ሺህ ብር በላይ ማውጣት አልችልም። ሱቆችን ተዘዋውሬ ስመለከት በዚህ ገንዘብ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ዕቃ አገኘሁ። አንደኛው 90 ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የተለየ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣ ስፒከር) የሌለው ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር ነው። ሁለተኛው ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል የታተመበት ባለ 5.1 ሆም ቴአትር፣ ማለትም ለአምስት አቅጣጫ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ያለው ነው። ሦስተኛው ማጉያቸው በውስጣቸው የተገጠመ ጥንድ የእንጨት ስፒከሮች ናቸው። በቤታችን የሚታየው በብዛት ዜና፣ የአማርኛ ድራማና የእንግሊዝ እግር ኳስ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በፍላሽ የመጣ ፊልም አይጠፋም። የቱን ብገዛ ይሻለኛል?


ሽቦና ብየዳ

ወንድሜ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ቴፕና ቴሌቪዥን እየጠገንሁ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት ስለ ዋቱ እንነጋገር። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው። ይህም ዕቃው ለቅጽበት ሊሰጥ ይችላል ተብሎ የሚገመት፣ አንዱ ፋብሪካ ከሌላው በተለየ መንገድ የሚያሰላው፣ ወጥ መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚለው፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። ይህ የቁጥር ማጋነን እኛን ብቻ ያስቸገረ እንዳይመስልዎ፤ በአሜሪካም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 የማጉያ ኃይል በምን መንገድ ተለክቶ መጻፍ እንዳለበት ደንብ እስከማውጣት ደርሷል።

ሱቅ ውስጥ ቆመው ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ዕቃውን ገልብጠው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ፊት ለፊት 1000 ዋት እያለ ጀርባው ላይ የኤሌክትሪክ ፍጆታው 40 ዋት ነው ከተባለ፣ ከሶኬቱ ያልተቀበለውን ከየት አምጥቶ ይሰጥዎታል? ቀጥሎም የፊት ወንፊቱ የሚነቀል ከሆነ ባለ ሱቁን አስፈቅደው ነቅለው ይዩት። ለጥገና ከሚመጡልኝ ርካሽ ስፒከሮች መካከል ከፊት ሲታዩ ባለ ሁለት ድምፅ ማውጫ የሚመስሉ፣ ሲከፈቱ ግን ትዊተር መሳዩ ብርማ ክብ ከኋላው አንድም ሽቦ ያልተያያዘበት ባዶ ጌጥ ሆኖ የሚገኝባቸው ጥቂት አይደሉም። ትዊተር የሌለው ስፒከር ቀጫጭኑን ድምፅ በሚገባ ስለማያወጣ፣ እርስዎ የሚያማርሩት የንግግር አለመጥራት እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ያ «1000 ዋት» የተባለውን ባይገዙት እመርጣለሁ።


ዙሪያ ድምፅ

ከቀደመው አስተያየት ጋር በከፊል አልስማማም። መጥፎ ባለ 5.1 ስላለ ብቻ ባለ 5.1 ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። በፊልም ውስጥ ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው በመካከለኛው ቻናል (ለመሀሉ ስፒከር ተለይቶ በተቀዳው ድምፅ) ነው፤ ከቴሌቪዥኑ በታች መሀል ላይ ለብቻው የሚቆም ስፒከር ካለ ሙዚቃውንና ጩኸቱን ሳይነኩ የእሱን ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጠያቂው የሚፈልጉት ይህንኑ ይመስለኛል። እኔ የምጠቀምበት የሶኒ ኤችቲ-ኤስ20አር ፋብሪካው 400 ዋት የሚለው፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ኤአርሲም በኦፕቲካልም ገመድ የሚቀበል ባለ 5.1 ነው። ፊት ለፊት በአንድ ባር ውስጥ ሦስቱን ቻናሎች ይዟል፤ ሁለት ትንንሽ የኋላ ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈርም አለው። ያገለገለና በደንብ የተያዘ ቢያገኙ ካርቶኑ ከሚጮኸው አዲስ ዕቃ ይልቅ እሱን እመክርዎታለሁ። እግር ኳስም ቢሆን የተመልካቹ ሆታ ከጀርባ ሲሰማ የተለየ ነገር ነው።


የፊዚክስ መምህር

ሽቦና ብየዳ የሰጡትን ምክር ከሞላ ጎደል እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ላክልበት። ጀርባ ላይ የሚጻፈው ፍጆታ ብዙ ጊዜ መሣሪያው በመጠነኛ ድምፅ ሲሠራ የሚለካ በመሆኑ፣ እውነተኛ 100 ዋት ሊሰጥ የሚችል ማጉያ ጀርባው ላይ 40 ዋት ቢጻፍበት ተጭበረበርን አያሰኝም። 40 ተጽፎ 1000 ሲባል ግን ምንም ዓይነት አለካክ አያስታርቀውም።

ይልቁንስ ለዚህ ሳሎን ስንት ዋት ይበቃል የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይጠቅማል። የተለመደ አነስተኛ ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። 2 ሜትር ተኩል ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ወደ 77 ይወርዳል፤ ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለት ሰዎች በቅርብ ርቀት ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል አካባቢ እንደሆነ ያስቡ። በዚያ ላይ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ዋቱ 10 ጊዜ መባዛት አለበት። በዚህ ስሌት እውነተኛ 20 ዋት በአንድ ቻናል የሚሰጥ ዕቃ ለ14 ካሬ ሜትር ሳሎን ከበቂ በላይ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ጫጫታው ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ የተዘረጋ ነው። መጀመሪያ የሚሸፍነውም ደካማዎቹን ተነባቢዎች ነው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ»፣ «ተ»ን ከ«ከ» የምንለይበት መረጃ በአብዛኛው ከ2000 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) በላይ ይገኛል። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣውም ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሆነ እናትዎ ችግሩን ከእርስዎ ይበልጥ ቢያዩት አያስገርምም። ስለዚህ ለዝናብ መድኃኒቱ ቤዝ አይደለም። ቤዝ በጨመሩ ቁጥር ንግግሩ ይበልጥ ይዋጣል።

የቤዝ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የድምፅን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 343 ሜትር፣ ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ቢያካፍሉት ክፍሉ ራሱ የሚያጎላውን ድምፅ ያገኛሉ። በእርስዎ ሳሎን በርዝመቱ 43 ኸርዝ፣ በወርዱ 49 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ ሰብዉፈር ጥግ ላይ ቢያስቀምጡ በዚያ አካባቢ ያለው ድምፅ ከልክ በላይ ይጎላል፤ ሌላው ቤዝ ግን አብሮ አይጎላም። ሶፋዎ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነም ድምፁ የሚከማችበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።


የቦሳ አዲስ ነዋሪ

እኔ ደግሞ ከቤት ውስጥ ኑሮ አንጻር ልናገር። ዙሪያ ድምፅ ወንድሜ፣ የኋላ ስፒከሮችዎ ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ አልነገሩንም። ጠያቂው ተከራይ ናቸው፤ አከራይ ግድግዳ እንዲበሳ በቀላሉ አይፈቅድም፤ ሽቦው በወለል ላይ ከሄደ ደግሞ ከምንጣፍ ሥር ገብቶ ሰው ሲረግጠው ይውላል። በዚያ ላይ ለ5.1 የተዘጋጀ ድምፅ የሚገኘው በፊልምና በአንዳንድ የስፖርት ስርጭት ነው። እኛ አብዛኛውን ሰዓት የምናየው የሀገር ውስጥ ዜናና ድራማ በጥቅሉ በሁለት ቻናል የሚደርሰን ነው፤ መሣሪያው ያንን ለአምስት ቢያከፋፍለው አዲስ ነገር አይፈጥርም።

ስለ ሰብዉፈር ከእኔ ቤት ልጥቀስ። ያለኝ ለብቻው የሚቆም ሰብዉፈር ያለው ሳውንድ ባር ነው። ከብሎኬቱ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ አንድ ቀን ቡና ላይ፣ «ፊልሙን አልሰማውም፤ ዱም ዱሙን ግን እስኪነጋ እቆጥረዋለሁ» አለችኝ። ቀጫጭኑ ድምፅ በግድግዳ ሲቆም ወፍራሙ ዘልቆ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሰብዉፈሩን ከሶኬት ነቅዬ የማታ ድምፅ የሚለውን አማራጭ አበራለሁ። ይህ አማራጭ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል። እንደ እኔ በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው ለተለየ ሰብዉፈር ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል።


ዙሪያ ድምፅ

እህቴ፣ የሽቦው ነገር እውነት ነው፤ የእኔ በመጋረጃው ዘንግ ላይ ነው የሚያልፈው። ሆኖም የመካከለኛ ቻናል ጥቅም አሁንም እንዳለ ነው፤ ጥንድ ስፒከር ከሚገዙ መሀሉ የተሟላ ነገር ይግዙ።


የጊንጆ ተከራይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለተነሡት ጥያቄዎች መልስ ልስጥ። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ቢበዛ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት መሳብ እችላለሁ። እናቴ ግን ሶፋው ላይ አትቀመጥም። ቦታዋ በስተግራ በኩል በሩ አጠገብ፣ ቡናው የሚፈላበት ዘንድ፣ በርጩማ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ቡፌ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ባሩ ከተገዛ የሚገባው ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ውስጥ ይመስለኛል። ቴሌቪዥኑ ሁለት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች አሉት።


የፊዚክስ መምህር

እናትዎ ወደ ጎን መቀመጣቸው ነገሩን በእጅጉ ይለውጠዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበትም ይህ ነበር።

ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ሲያወጡ፣ ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ንግግሩ በመካከላቸው ካለው ባዶ ቦታ፣ ከተናጋሪው አፍ የሚወጣ ይመስለዋል። ወደ ግራ ለተቀመጠ ሰው ግን የግራው ስፒከር ድምፅ ቀድሞም ጎልቶም ስለሚደርስ ንግግሩ ሁሉ ከዚያው ከግራው ብቻ የሚመጣ ይሆንበታል፤ የሁለቱ ድምፅ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስም ጥራቱ በመጠኑ ይጎዳል። ስፒከሮቹ በተራራቁ ቁጥር ይህ ይብሳል። ጥንዶቹን በ1 ሜትር ከ80 አራርቀው ቢያስቀምጧቸው ከሶፋው፣ ማለትም ከ2 ሜትር ተኩል ሲታዩ 40 ዲግሪ ያህል ይከፈታሉ፤ ለሙዚቃ ደስ የሚል ነው። 90 ሳንቲሜትሩ ባር ደግሞ 20 ዲግሪ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ለሙዚቃ ይጠባል፤ ነገር ግን ንግግሩ የትም ለተቀመጠ ሰው ከቴሌቪዥኑ አካባቢ አይርቅበትም። ለሙዚቃ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው የባሩ ጠባብነት ለእናትዎ ጥቅም ሆነ ማለት ነው።

ጥንድ ስፒከርን ላጣጥል አይደለም። ለምሳሌ የኤዲፋየር አር1280ቲ በድምሩ 42 ዋት አርኤምኤስ ብቻ ያለው፣ ባለ 4 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ትንሽ ጥንድ ነው፤ ለዘፈን ግን በዚህ የዋጋ ክልል ካሉ ብዙ ባሮች አስበልጠዋለሁ። ብቻዎን ሶፋው መሀል የሚቀመጡ ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ ጥንዱን ይግዙ እልዎት ነበር።

ለዙሪያ ድምፅም፣ የኋላ ስፒከሮች ሊቆሙ የሚገባው ከተመልካቹ ፊት 110 ዲግሪ ያህል ዞሮ፣ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ሶፋው ግድግዳ ላይ በተጣበቀበት ቤት ያ «ኋላ» የለም። አንደኛው ስፒከር በእናትዎ ጆሮ ሥር ይውላል ማለት ነው።


ጣውላና መዶሻ

ስለ መደርደሪያው አንድ ቃል ልበል፤ ሥራዬ አናጢነት ነው። ባሩን ቡፌው ውስጥ አያስገቡት። ከላዩ ጣውላ፣ ከጎንና ከጎኑ ጣውላ በሆነበት ሳጥን ውስጥ ከገባ ድምፁ እዚያው ተመላልሶ ይደፈናል። ከቴሌቪዥኑ እግር ፊት ለፊት፣ በቡፌው ጠርዝ ላይ ከባሩ አፍ በፊት ምንም ጣውላ እንዳይቀር አድርገው ያስቀምጡት። የቴሌቪዥኑ እግር አጭር ሆኖ ባሩ የሪሞት መቀበያውን ወይም የምስሉን ታች የሚሸፍን ከሆነ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚገባ ሦስት ጣት ቁመት ያለው የዋንዛ መቆሚያ ማንኛውም የጅማ አናጢ በርካሽ ይሠራልዎታል።

ጥንድ ስፒከር የሚገዛ አንባቢም ካለ፣ ትዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ላይ ቢውል መልካም ነው፤ ይህም ከወለል 90 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ነው። እናትየዋ በርጩማ ላይ ስለሚቀመጡ ግን የእሳቸው ጆሮ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ የባሩን የኋላ እግር በስስ ጎማ ከፍ አድርጎ ፊቱን በመጠኑ ወደ ታች ማዘንበል ይቻላል።


የሰጦ ሰመሮ ልጅ

የጠያቂውን ክር እንዳላበላሽ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግን ጉዳዬ ቅርብ ነው። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እኅቴ ያገለገለ ሳውንድ ባር ከነሰብዉፈሩ በሰው እጅ ልካልኛለች። ዶልቢ አትሞስ ነው ትላለች። እዚህ ያለ ችግር ይሠራልኛል? ገና አልሰካሁትም።


ሽቦና ብየዳ

እንኳን አልሰኩት! እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220 ነው። ባሩም ሰብዉፈሩም የየራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው የሁለቱንም ጽሑፍ ለየብቻ ያንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ መሰኪያውን የሚያስተካክል ትንሽ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ ከሰኩት ዕቃው በደቂቃ ውስጥ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ላድነው እችላለሁ ብዬ ቃል አልገባም። የሁለቱንም ጀርባ ፎቶ አንሥተው ከመሰካትዎ በፊት እዚህ ይለጥፉልን።

አትሞስን፣ ማለትም ድምፅ ከላይም እንዲሰማ የሚያደርገውን አሠራር በተመለከተ ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። ለቤት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ በሳውንድ ባር ላይ የሚሠራው ወደ ላይ የሚያዩ ስፒከሮች ድምፁን ኮርኒስ ላይ አንጥረው ወደ ጆሮ እንዲመልሱት በማድረግ ነው። ለዚህ ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ያስፈልጋል። የእርስዎ አቡጀዲ ከሆነ ድምፁ አልፎ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል።

ወደ ዋናው ጠያቂ ልመለስ። የትኛውንም ዕቃ ቢገዙ በብሉቱዝ ከቴሌቪዥን ጋር እንዳያገናኙት። ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ ልኮ እስኪፈታው ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሊዘገይ ይችላል፤ ኳሱ ከተመታ በኋላ ነው ድምፁን የሚሰሙት፤ ዜና አንባቢውም ከንፈሩና ቃሉ አይገጥሙም። የእናትዎ ዓይነት ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከንፈር እያነበበ ስለሚሰማ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ከቴሌቪዥኑ መሰኪያዎች መካከል አንዱ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 በኋላ በመጣው የኤችዲኤምአይ 1.4 አሠራር የሚገኝ ስለሆነ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ አለ። ባሩን በዚያ በኩል ካገናኙት የቴሌቪዥኑ ሪሞት ባሩንም ይቆጣጠራል። ኤአርሲ ከሌለ ኦፕቲካል ይጠቀሙ። የኦፕቲካል ገመድ አዲስ ሲሆን ሁለቱም ጫፎች ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን አለችው፤ ሳትወልቅ ከተሰካች አትገባም ወይም ድምፅ አታሳልፍም፤ ለዚህ ብቻ «ባሩ ተበላሽቷል» ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። በቴሌቪዥኑ በኩል ሰክተው በሌላው ጫፍ ቀይ ብርሃን ካዩ ገመዱ ደኅና ነው።

ሁለተኛ፣ ተገናኝቶ እያለ አንዳንዱ ፊልም ላይ ድምፅ ከጠፋ ወደ ቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ገብተው የዲጂታል መውጫውን «ፒሲኤም» ያድርጉት፤ ርካሽ ባር ሊፈታው የማይችለውን ድምፅ ቴሌቪዥኑ ራሱ ፈትቶ በስቴሪዮ ይሰጠዋል።

በመጨረሻም መብራት። ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘልል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይንቀሉት፤ አለዚያም ስታብላይዘር ላይ ይስኩት። በጥገና ቤት ከማያቸው ማጉያዎች ብዙዎቹ የሞቱት በጩኸት ብዛት ሳይሆን መብራት በተመለሰበት ቅጽበት ነው።


የጊንጆ ተከራይ

ሦስቱንም ዕቃ ሱቅ ውስጥ አሰምተውኝ ነበር፤ ውጤቱን ላካፍላችሁ። በፍላሽ የዜና ቅጂና የአንድ ጨዋታ ቁራጭ ይዤ ሄድሁ። ባለ ሱቁ መጀመሪያ የከፈተልኝ መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ዘፈን ነበር፤ እሱን አስዘግቼ ዜናውን በዝቅተኛ ድምፅ እንዲያሰማኝ ለመንሁት፤ ከፊት ለፊት ሳይሆን በግራ በኩል ዝቅ ብዬ ቆሜ አዳመጥሁ። «1000 ዋት» የተባለው ድምፁ ሲቀነስ ንግግሩ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ጥንዶቹ ስፒከሮች መሀል ላይ ሆኜ ስሰማቸው ከሁሉም ይበልጡ ነበር፤ ወደ ጎን ስሄድ ግን መምህሩ እንዳሉት አንዱ ብቻ የሚናገር ሆነ። ባሩ ቤዙ ቀጭን ነው፤ ንግግሩ ግን የትም ብቆም ጠርቶ ተሰማኝ። ባሩን ገዛሁ፤ ከገንዘቡም ለስታብላይዘር የሚሆን ተረፈ።

ኤአርሲ የሚለው መሰኪያ ላይ ዲኮደሩ ተሰክቶ ስለነበር አዟዙሬ ሰካሁት፤ ባሩም ቡፌው ጠርዝ ላይ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ እናቴ የሁለት ሰዓቱን ዜና ድጋሚ ስርጭት ከቦታዋ ሳትነሣ ተከታትላለች፤ አልፎ አልፎ ዝናቡ ሲበረታ ግን አሁንም ያመልጣታል። በፊልም ላይ የፍንዳታና የመኪና ድምፅ ክብደት እንደሌለው ደግሞ መደበቅ አልፈልግም፤ ዙሪያ ድምፅ ቢሰሙት የሚስቁብኝ ይመስለኛል። ባሩ የንግግር፣ የሙዚቃና የፊልም የሚሉ ሦስት አማራጮች አሉት፤ የትኛው ላይ ቢውል ይሻላል?


የቦሳ አዲስ ነዋሪ

ዜናና ድራማ ላይ የንግግሩን ይጠቀሙ፤ ቤዙን ቀንሶ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ያጎላዋል። ዝናብ ሲበረታ ድምፁን ከመጨመርዎ በፊት ቤዙን ከሪሞቱ ሁለት ደረጃ ዝቅ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይሞክሩት። ለቅዳሜ ፊልም ወደ ፊልሙ ይመልሱት። በተጨማሪም የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር አብሮ እየሠራ እንዳልሆነ ያረጋግጡ፤ ሁለቱ በጥቂቱ ሲቀዳደሙ ቃሉን ያደበዝዙታል።


ዙሪያ ድምፅ

አልስቅም፤ ለዚያ ሳሎን ልክ ነው። ወደፊት የራስዎ ቤት ሲገቡ ግን እንነጋገራለን።


የሰጦ ሰመሮ ልጅ

ፎቶ መለጠፍ ስላልቻልሁ ጽሑፉን ገልብጬዋለሁ። የባሩ አዳፕተር «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል። ሰብዉፈሩ ግን «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 45 ዋት» ብቻ ነው የሚለው። ኮርኒሴ አቡጀዲ መሆኑን እንዴት እንዳወቁብኝ ግን አልገባኝም።


ሽቦና ብየዳ

ባሩን ዛሬውኑ መስካት ይችላሉ። ለሰብዉፈሩ ከ220 ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጎታል። ቤዝ ሲመታ የሚስበው ከተጻፈው 45 ዋት ስለሚበልጥ 200 ዋት የሚችለውን ይግዙ፤ ከፍ ያለው አያስፈልግም። ሲገዙ ባለ ሱቁ በመለኪያ መውጫውን ለክቶ ያሳይዎት፤ ባሩንና ሰብዉፈሩንም በአንድ ዲቫይደር ላይ አይስኩ፤ አንድ ቀን ሰው ቤት ሲያጸዳ መሰኪያዎቹን ያለዋውጣቸዋል። ትራንስፎርመሩ ላይ «ለሰብዉፈር ብቻ» ብለው በወፍራም እስክሪብቶ ይጻፉበት። ከሰኩ በኋላ ለግማሽ ሰዓት በዝቅተኛ ድምፅ አሠርተው የሰብዉፈሩን ጀርባ በእጅዎ ይዳስሱት፤ ለብ ካለ ደኅና ነው፤ እጅ የሚያስነሣ ከሆነ ነቅለው ይዘውልኝ ይምጡ።